«ጋርብልድ» ስላለ ብቻ ጆንያ አይመለስም፦ ለአንድ የቃል ትርጓሜ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጅማ የቡናና የቅመማ ቅመም ነጋዴዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ አጭር ጽሑፍ አለ። የሚያወራው «ጋርብል» ስለሚባል አንድ ብዙ ስለማይሰማ የእንግሊዝኛ ግስ ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ቃሉ «ማምታታት፣ ማበላሸት» ከሚለው ሌላ ትርጉም የለውም፤ የመጣውም «ጋርቤጅ» ከሚለው የቆሻሻ ስም ነው፤ መዝገበ ቃላት ሌላ ትርጉም ቢሰጠው የሞተ ትርጉም ነው፤ ስለዚህ ውል ወይም ከረጢት ላይ «ጋርብልድ» የሚል ካያችሁ ዕቃው የተደባለቀ ነውና መልሱት፤ በፋርማሲ ተማሪዎች ማስታወሻ ላይ የሚታየው «ጋርብሊንግ» ደግሞ «ግሬዲንግ» ለማለት ተፈልጎ የተሳተ ፊደል ነው፤ በአማርኛም ቃሉ ምን ጊዜም «አምታታ» ተብሎ ይተርጎም።

ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ግማሽ እውነት አላቸው። ሰውን ያሳመነውም ይኸው ግማሽ ይመስለናል። ቀሪው ግን፣ በተለይ «መልሱት» የሚለው ምክር፣ ገንዘብ የሚያሳጣ ስሕተት ስለሆነ ዝም ማለት አልተቻለም።

«ሌላ ትርጉም የለውም»

ቃሉ ሲወለድ የወንፊት ቃል ነበር። በላቲን ወንፊት «ክሪብሩም»፣ ትንሹ ወንፊት ደግሞ «ክሪቤሉም» ይባላል። የዐረብኛው «ጊርባል» ከዚሁ እንደመጣ የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ይገምታሉ፤ ግሱ «ገርበለ» ሲሆን ነፋ ማለት ነው። ጅማ ውስጥ ዐረብኛ የቀራ ሰው ይህን ለማወቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አያሻውም፤ በኦሮምኛ «ጊንጊልቻ» የምንለው ዕቃ ነው። ቃሉ ከዐረብ ነጋዴዎች ወደ ጣሊያን ወደቦች ተሻግሮ «ጋርቤላሬ» ሆነ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከቅመሙ ንግድ ጋር እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ።

እንግሊዝኛ ውስጥም ለብዙ ዘመን ሥራው ቅመም ማበጠር ብቻ ነበር። በለንደን ከተማ «የቅመም ጋርብለር» የሚባል ሹም ነበረ፤ ማንኛውም ሱቅና መጋዘን ገብቶ ቅመሙን የመመርመርና ግርዱን የማስለየት ሥልጣን ነበረው። በንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ቅመም በሚገባ «ጋርብል» እንዲደረግ የሚያዝ ሕግ ወጥቷል፤ ሕጉ የተሻረው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1755 (እ.ኤ.አ.) የታተመው የሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላትም ግሱን የሚፈታው በመንፋትና ደጉን ከክፉው በመለየት ነው። እንግዲህ «ሌላ ትርጉም የለውም» ከሚለው ይልቅ «ያኛው ትርጉም ኋላ የመጣ ነው» ማለት ይቀርባል።

ታዲያ ማጥራት የነበረ ቃል እንዴት ማበላሸት ሆነ? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ጨርሶ አላነሡትም። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ «ለቀመ» የሚለውን የራሳችንን ግስ ማየት ብቻ ነው። «ምስሩን ለቀመችው» ስንል ምስሩ የሚቀረው ነው። «ጠጠሩን ለቀመችው» ስንል ጠጠሩ የሚጣለው ነው። ሥራው አንድ፣ ሰፌዱ አንድ፣ እጁ አንድ፤ የተለወጠው ተሳቢው ብቻ ነው። እዚህ ጅማ ደግሞ ሦስተኛም አለ፦ «ቡና ለቀመች» ከዛፉ እሸቱን ሰበሰበች ወይስ ከተፈለፈለው ቡና ጥቁሩን አወጣች? ቦታውን ሳያውቁ መመለስ አይቻልም።

«ጋርብል»ም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። መጀመሪያ ግርዱን ማውጣት፤ ቀጥሎ መርጦ ማውጣት፤ ቀጥሎ ደግሞ የሚፈልጉትን ብቻ መርጦ ማውጣት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቃሉ ከቅመም ወደ ንግግርና ወደ ሰነድ ሲዛወር ይህ የመጨረሻው ትርጉም አየለ፦ የሰውን ቃል አበጥሮ የሚጠቅመውን ብቻ አስቀርቶ ማቅረብ። እኛ «ቆርጦ ቀጥል» የምንለው ማለት ነው። አንድ ቀማሽ «ይህ ቡና ጥቁሩ ከወጣለት ጥሩ ነው» ብሎ ሲያበቃ ሻጩ «ቀማሹ ይህ ቡና ጥሩ ነው ብሏል» ቢል አንድም ቃል አልጨመረም፤ ነፍቶ ጣለ እንጂ። ከዚያ ወዲያ «ማዛባት»፣ ከማዛባትም «ማዘበራረቅ» ሩቅ አይደሉም፤ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው እነዚህን ነው።

የኛ «አበጠረ» ግን በጎ ስሙን እንደያዘ ቀርቷል፤ «ነገሩን አበጥሮ ያውቀዋል» ሲባል ምስጋና ነው። ሁለት ቋንቋ በአንድ ወንፊት ሁለት ፍርድ ሰጠ፤ ጸሐፊው የሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

«ከጋርቤጅ የመጣ ነው»

አይደለም። «ጋርቤጅ» በድሮው እንግሊዝኛ የታረደ እንስሳ፣ በተለይም የዶሮ፣ ሆድ ዕቃ ነበር። «ጋርብል» የወንፊት ነው። ድምፃቸው ስለተቀራረበ አንዱ የሌላው ልጅ አይሆንም።

«ቢኖርም የሞተ ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው መዝገበ ቃላት ጠቅሰዋል፤ ጥቅሱ ግን ጎዶሎ ነው። የአሜሪካው ሜሪያም ዌብስተር ግሱን ሲፈታ «ድሮ ቀር» የሚል ምልክት የሚያደርገው «መምረጥ» በሚለው ትርጉም ላይ ነው። ቀጥሎ «ባዕድ ነገርን ማበጠር» የሚለውን ትርጉም ያለዚያ ምልክት ያስቀምጠዋል፤ የሰጠውም ምሳሌ ቅመም ነው። ጸሐፊው የመጀመሪያውንና «ማዛባት» የሚለውን ሦስተኛውን ጠቅሰው መካከለኛውን ዘለሉት። እንደ እውነቱ ከሆነ መዝገበ ቃላቱን «ጋርብል» አድርገውታል፤ ልክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ትርጉም።

ቃሉ መሞት አለመሞቱን ማየት የፈለገ ወደ ሕንድ ቁንዶ በርበሬ ይሂድ። የኬረላ ቁንዶ በርበሬ ለውጭ ገበያ ሲቀርብ «ማላባር ጋርብልድ» እና «ማላባር አንጋርብልድ» እየተባለ በሁለት ይከፈላል። ፊተኛው ግርዱ፣ ግንጣዩና ባዶው ፍሬ የወጣለት ነው፤ ኋለኛው ገና ያልተበጠረ ነው። በዋጋው ከፍ የሚለው «ቴሊቸሪ ጋርብልድ» ሲሆን፣ ከመበጠሩም በላይ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ላይ የሚቀር ትልልቅ ፍሬ መሆን አለበት። በጸሐፊው ምክር የሚሄድ ገዢ ከሁሉ የተሻለውን ከረጢት መልሶ ያልተለቀመውን ይዞ ይገባል።

የሕንድ ቡና ማዘጋጃዎችም ከመፈልፈልና በወንፊት በመጠን ከመለየት ቀጥሎ ያለውን የእጅ ለቀማ «ጋርብሊንግ» ይሉታል። ስለዚህ ቃሉ ወደ ጅማ ነጋዴ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ወገን በመጣ ገዢ፣ ደላላ ወይም የውል ናሙና በኩል ነው።

«ጋርብልድ ማለት የተደባለቀ ነው፤ መልሱት»

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባናል። የጅማን ደረቅ ቡና ከሊሙ ጋር መቀላቀል ስም የሚያጠፋ ነገር ስለሆነ «ድብልቅ» የሚል ነገር ሲሰማ የማይደነግጥ አቅራቢ የለም። መደባለቅ ግን በእንግሊዝኛው ንግድ «ብሌንድ» ነው። «ጋርብል» ተቃራኒውን ነው የሚጠይቀው፤ አንድ ላይ ያለውን መለየት።

ውል ላይ «ጋርብልድ ኮፊ» ሲል የሚጠበቀው ሥራ ይህን ይመስላል። ጀንፈሉ ተፈልፍሎ እብቁ ከወጣ በኋላ ቡናው በወንፊት በመጠን ይለያል። የወንፊት ቁጥር የሚቆጠረው በኢንች 64ኛ ክፍልፋይ ነው፤ 14 ቁጥር ማለት 5.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በሰፌድ ወይም በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ቀላሉ ከከባዱ ይለያል። «ጋርብሊንግ» የሚባለው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው፦ ቡናውን በስሱ ዘርግቶ ጥቁሩን፣ የኮመጠጠውን፣ ነፍሳት የበላውን፣ ስባሪውን፣ ጮርቃውን፣ ያልተፈለፈለውን ጀንፈልና ጠጠሩን በእጅ ማውጣት።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው «በወንፊት አልፏል፣ በቃ» ሲባል ነው። ወንፊት የሚያውቀው መጠን ብቻ ነው። ጥቁር ፍሬ ከጤነኛው እኩል ከሆነ ከጤነኛው ጋር ይቀራል። ሰፌድም የሚያውቀው ክብደትን ነው፤ የኮመጠጠ ፍሬ ክብደቱ ካልጎደለ አይወጣም። ቀለም የሚለይ መሣሪያም ቢሆን ቡና የመሰለ ጠጠር ሊያመልጠው ይችላል። እጅና ዓይን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በስሱ መዘርጋቱም የወግ አይደለም፤ ፍሬ በፍሬ ላይ ከተደራረበ የታችኛው አይታይም፣ ሆዱ ወደ ታች የተደፋም ፍሬ የተበላ ቀዳዳውን ይደብቃል።

ሌላው ስሕተት እርጥብ ቡና መልቀም ነው። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ የሆነ ቡና ተለቅሞ ቢከመር ሻጋታው ከለቀማው በኋላ ይመጣልና ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ጅማ ዝናብ የማይጠፋባት አገር ስለሆነች ይህ የወረቀት ስጋት አይደለም። መሬት ላይ ወድቆ የተለቀመ ወይም አፈር ላይ የደረቀ ቡና የያዘው የአፈር ጣዕምም በ«ጋርብሊንግ» አይወጣም። ለቀማ የሚታየውን ጉድለት እንጂ በፍሬው ውስጥ የገባውን ሽታ አያነሣም፤ ይህን ለገዢው አስቀድሞ መናገር ይሻላል።

ምን ያህል ንጹሕ ሲሆን «ተለቀመ» ይባላል? ቃሉ ብቻውን ቁጥር አይሰጥም። ስለዚህ ውሉ ላይ የጉድለት ቆጠራ መጻፍ አለበት። ለልዩ ጣዕም ቡና ለብዙ ዓመት ሲሠራበት የቆየው አቆጣጠር 350 ግራም ጥሬ ቡና ይወስዳል። አንድ ሙሉ ጥቁር ፍሬ አንድ ጉድለት ነው፤ አንድ ያልተፈለፈለ ጀንፈልም እንዲሁ። ከፊሉ ብቻ የጠቆረ ከሆነ ሦስት ፍሬ አንድ ጉድለት ይሆናል፤ ስባሪ ሲሆን አምስት፤ ነፍሳት በጥቂቱ የነካው ሲሆን አሥር ፍሬ እንደ አንድ ይቆጠራል። በዚህ አቆጣጠር ልዩ ጣዕም የሚባለው እንደ ሙሉ ጥቁር ያለ ከባድ ጉድለት ጭራሽ የሌለበት፣ ጠቅላላውም ከአምስት የማይበልጥ ነው። ናሙናው ከጆንያ አፍ ብቻ ከተወሰደ ግን ቆጠራው ይዋሻል፤ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች መወሰድ አለበት።

አሁን ሚዛኑን እንይ፤ ጠቡ የሚነሣው እዚህ ላይ ነውና። 100 ፈረሱላ 1,700 ኪሎ ነው። በጥሬው በ60 ኪሎ ከረጢት ሲሞላ 28 ከረጢትና 20 ኪሎ ይሆናል። ለቀማው ለምሳሌ 4 በመቶ ግርድ ቢያወጣ የሚቀረው 1,632 ኪሎ ነው፤ ማለትም 27 ከረጢትና 12 ኪሎ። ውሉ «28 ከረጢት ጋርብልድ» ካለና አቅራቢው 100 ፈረሱላ ብቻ ከያዘ 48 ኪሎ ይጎድለዋል። ጉድለቱን ለማስላት ብዙ ሰው የ28ቱን ከረጢት፣ ማለትም የ1,680 ኪሎውን፣ 4 በመቶ ደምሮ 1,747 ኪሎ ያዘጋጃል፤ ከለቀማ በኋላ ግን 1,677 ብቻ ያገኛል። ትክክለኛው ስሌት 1,680ን ለ0.96 ማካፈል ነው፤ 1,750 ኪሎ፣ 103 ፈረሱላ ገደማ ይመጣል። የወጣው ግርድ ራሱ በእንግሊዝኛው «ጋርብሊንግስ» ይባላል። የማን እንደሆነና ማን እንደሚሸጠው ውሉ ዝም ካለ እሱም ሌላ ጭቅጭቅ ነው።

«ጋርብልድ» እና «ዎሽድ» አንድ እንዳልሆኑም እግረ መንገዳችንን እንጠቁም። እጥብ ቡና ሳይለቀም ሊቀርብ ይችላል፤ ደረቁ የጅማ ቡናም ፍጹም ተለቅሞ ሊቀርብ ይችላል።

«የፊደል ስሕተት ነው»

በጅማ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ቦታ ፋርማሲ የሚማር ሰው ስለ ዕፀ መድኃኒት ዝግጅት ሲያነብ «ጋርብሊንግ»ን ያገኛል። የተሳተ ፊደል የለበትም። ቅደም ተከተሉ መሰብሰብ፣ ማድረቅ፣ «ጋርብሊንግ»፣ ማሸግና ማስቀመጥ ነው። «ግሬዲንግ» ደረጃ መስጠት ነው፤ ይህኛው ደግሞ የሚፈለገው የዕፁ ክፍል ያልሆነውን ሁሉ ማውጣት ነው። መድኃኒቱ ቅጠሉ ከሆነ ግንጣዩና አበባው ይወጣል፤ ሥሩ ከሆነ አፈሩና የግንዱ ቁራጭ ይወጣል፤ አብሮ የታጨደ ሌላ አረም ደግሞ በየትኛውም ይወጣል። ጊዜውም ምክንያት አለው፦ እርጥብ ቅጠል ከግንጣዩ ጋር ይጣበቃል፤ ከመጠን በላይ የደረቀ ደግሞ ይፈረፈርና ብናኙ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። እዚህ ላይ ቃሉን «ግሬዲንግ» ብሎ ያረመ ተማሪ አንድ የሥራ ደረጃ ሰርዟል ማለት ነው።

«ምን ጊዜም አምታታ ተብሎ ይተርጎም»

ጸሐፊው ግማሽ ትክክል የሆኑበት አንዱ ይህ ነው። ዛሬ በጋዜጣና በመደበኛ ንግግር «ጋርብል» ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ የመልእክት ነገር ነው፤ ያኔ «ተምታታ» ይሠራል። ግን ሁልጊዜ አይደለም፤ የሰጡት ምሳሌም የከፋ ነው። «ሂ ጋርብልድ ሚ» ብለው «አምታታኝ» ብለዋል። እንግሊዝኛ እንዲህ አይልም። የዚህ ግስ ተሳቢ ሰው አይሆንም፤ መልእክት፣ ቃል፣ ጥቅስ፣ ዜና፣ ድምፅ ወይም ዕቃ ነው። ሰውን ማምታታት «ኮንፊውዝ» ነው። ግሱ በብዛት የሚመጣውም በተገብሮ ወይም በቅጽልነት ነው፦ «ኤ ጋርብልድ ሜሴጅ»፣ «ኤ ጋርብልድ አካውንት»። ሲነበብ ጭነቱ መጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ነው። ጉሮሮ መጉመጥመጥን ከሚያመለክተው «ጋርግል» ጋርም አይምታታ።

ለአማርኛው መጀመሪያ ተሳቢውን ማየት ነው። ቅመም ወይም ቡና ከሆነ «የተበጠረና የተለቀመ»። ዕፀ መድኃኒት ከሆነ «ባዕድ ነገር የወጣለት»። ጥቅስ ከሆነ «ተቆርጦ የተቀጠለ»፤ ይህ ተንኮልን ያመለክታል። አፍ ለአፍ ሲተላለፍ የተለወጠ ወሬ ከሆነ «የተዛባ»፤ ይህ ተንኮል የለበትም። የስልክ ወይም የሬዲዮ ድምፅ ከሆነ «የተቆራረጠ»። ፊደል ከሆነ «የተዘበራረቀ»።

የመጨረሻውን የአማርኛ ጸሐፊ ሁሉ ያውቀዋል። በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የተጻፈ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ዩ ቲ ኤፍ 8 በሚባለው የአቀማመጥ ዘዴ ሲቀመጥ ሦስት ባይት ይይዛል። ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራም የምዕራብ አውሮፓ ፊደል ነው ብሎ ካነበበው እያንዳንዱን ባይት ለየብቻ ምልክት ያደርገዋል፤ «ጅማ» የምትለው ባለ ሁለት ፊደል ቃል ስድስት ምልክት ሆና ትወጣለች፤ በመጀመሪያና በአራተኛ ቦታ ላይ አናቱ ላይ ጭረት ያለው የላቲን «ኤ» (á) ይታያል። ይህን «ጋርብልድ ቴክስት» ይሉታል። የተዘበራረቀ እንጂ የጠፋ አይደለም፤ አነባበቡን ወደ ዩ ቲ ኤፍ 8 ሲመልሱት «ጅማ» ትመለሳለች። በዚያው መልክ ተገልብጦ እንደገና ከተቀመጠ ግን መመለሱ ይከብዳል። ስለዚህ የተዘበራረቀ ነገር ሲያዩ «ሴቭ» ሳያደርጉ መዝጋት ነው።

ቃሉ በአንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ትርጉም ሊመጣም ይችላል። «ዩር ሜሴጅ ዋዝ ጋርብልድ፤ ፕሊዝ ኮንፈርም ዘ ኮፊ ኢዝ ጋርብልድ» ቢል ገዢው የሚለው «መልእክትዎ ተዘበራርቆ ደረሰን፤ ቡናው የተለቀመ መሆኑን ያረጋግጡልን» ነው። ሁለቱንም «ተምታታ» ብሎ የተረጎመ ሰው ስለ ቡናው የሚጽፈው መልስ «የለም፣ ጋርብልድ አይደለም» የሚል ይሆናል፤ ገዢውም ያልተለቀመ ቡና ነው ብሎ ዋጋ ይቀንሳል። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ የደረሰው አቅራቢ የቃሉን ትርጉም ብቻ ይዞ ከመመለስ ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል፦ በ350 ግራም ስንት ጉድለት ይፈቀዳል? ኪሎው የሚታሰበው ከለቀማ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የወጣው ግርድስ የማን ነው?